ሙጫ ከመግዛታችን በፊት

በዚህ የእጅ ሙያ አምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ግን የማይነካው ቤት የለም። ጉዳዩ የተሰበረ እጀታ ነው። የጀሪካን እጀታ፣ የኮሬክና የመጥረቢያ እጀታ፣ የውሃ ማቀዝቀዣ እጀታ፣ የድስት ጆሮ። እጀታ ሲሰበር ሁላችንም የምንጠይቀው አንድ ነው፤ «የማይለቅ ሙጫ የቱ ነው?» እንላለን።

መልሱን አስቀድመን እንናገርና ወደ ዝርዝሩ እንግባ። ሁሉን ነገር የሚያጣብቅ ሙጫ የለም። ዕቃው ከምን እንደተሠራ፣ ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም፣ እሳትና ውሃ ይነካው እንደሆነ ሳናይ ሙጫ ብንገዛ ገንዘባችንን መጣል ነው። ከባድ ሸክም የሚያነሳ እጀታ ደግሞ በሙጫ ብቻ አይታመንም።

ከካፉሪ የመጣ ትምህርት

ከመካከላችን ካፉሪ የኖርን አለን። ለማያውቁት፣ ካፉሪ በካርቱም ባሕሪ ያለ፣ ሰፋፊ ግቢና አትክልት ያላቸው ቤቶች የሞሉበት ሰፈር ነው። ሀበሻው እዚያ የሚኖረው በቤት ሠራተኝነት፣ በጥበቃና በአትክልተኝነት ነበር። በዚያን ጊዜ የመኮትኮቻ እጀታ ቢሰበር ባሕሪ ገበያ ተሂዶ አዲስ ይገዛል። ስለ ሙጫ ማን ይጨነቃል!

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲፈነዳ ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠ። የባሕሪው ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ሥራ አቆመና ቧንቧ ደረቀ። ሰው ጀሪካኑን ይዞ ወደ ጉድጓድና ወደ ዓባይ ዳር ወጣ። ገበያው ተዘርፎ፣ ሱቆች ተቃጥለው ስለነበር አዲስ ጀሪካን መግዛትም ቀረ። ያለውን ጠግኖ መያዝ ግዴታ ሆነ። ፈጥኖ ደራሹ ኃይል ይዞት የቆየውን ካፉሪን የሱዳን ጦር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 መልሶ ያዘው፤ እኛ ግን ከዚያ በፊት ያገኘነውን አንጠልጥለን ወጥተናል። ካንጠለጠልነው አንዱ ይህ ትምህርት ነው።

እዚህ ካምፕም ነገሩ ያው ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። ከቦኖው የሚያመላልሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። እጀታው መንገድ ላይ ቢለቅ ውሃው ይደፋል፣ ጀሪካኑ ይሰነጠቃል፣ የልጁ እግር ይቀጠቀጣል። ወረፋውም እንደገና ከኋላ ነው።

ጀሪካን ለምን አይጣበቅም?

የዕቃውን ቂጥ ገልብጣችሁ እዩት። ፕላስቲክ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ ቁጥር ይኖረዋል። ቁጥሩ 2፣ 4 ወይም 5 ከሆነ ሙጫ አይወደውም። ጀሪካን፣ ባልዲና አብዛኛው የውሃ ዕቃ ከዚህ ወገን ነው። እናቶች ምጣድን በጎመን ዘር የሚያሹት እንጀራው እንዳይዝ አይደል? እነዚህ ፕላስቲኮች ከተፈጥሯቸው እንደታሸ ምጣድ ናቸው። ሙጫው ላያቸው ላይ ይደርቃል እንጂ አይዛቸውም፤ በጥፍር ሲነኩት ተልጦ ይነሳል።

ስለዚህ ለጀሪካን ሙጫ አትግዙ፤ ገመድ ግዙ። ወፈር ያለ ገመድ በጀሪካኑ ቂጥ ሥር መስቀለኛ አድርጋችሁ አሳልፉ። በአራቱም ጎን ወደ ላይ አውጡና ከአንገቱ አጠገብ አንድ ላይ ቋጥሩት። እንዳይንሸራተትም ወገቡ ላይ ዙሪያውን አንድ ጊዜ እሰሩት። የሚያዝበትን ቦታ በጨርቅ ወይም በአሮጌ ካላማዳሪ ጠቅልሉት፤ እጅ አይቆርጥም። አሁን ክብደቱን የሚሸከመው ከሥር ያለፈው ገመድ ነው፤ የተሰነጠቀው እጀታ ሥራ ፈቷል ማለት ነው። ፀሐይ ፕላስቲክን እያደረቀ ስለሚሰብር ባዶውን ጀሪካን ጥላ ውስጥ ማስቀመጥም ዕድሜውን ያረዝመዋል።

አራቱ ሙጫዎች

1ኛ. ሱፐር ግሉ። በትንሽ ቱቦ የሚሸጠው፣ በሰከንዶች የሚይዘው ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ሃሪ ኩቨር የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልግ ነው ያገኘው፤ ለገበያ የቀረበው በ1958 ነው። የሚደርቀው በአየር ውስጥ ባለው እርጥበት ነው። ስብራቱ እርስ በርሱ ልክ ለሚገጥም ትንሽ ዕቃ፣ ለምሳሌ ለእጅ ባትሪ መያዣ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ይሆናል፤ ምት አይችልም። ለኮሬክ ወይም ለመዶሻ አይሆንም። ጥጥ ወይም ጨርቅ ላይ ሲፈስ በጣም ስለሚሞቅ ያቃጥላል። ጣት ከጣት ቢጣበቅ አትጎትቱ፤ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ዘፍዝፋችሁ ቀስ እያላችሁ አላቁት። ዓይን ውስጥ ከገባ ሽፋሽፍቱን ሳትፈለቅቁ በውሃ እያጠባችሁ ወደ ክሊኒክ ሂዱ።

2ኛ. ማስቲሽ። ጫማ ሰሪ የሚጠቀምበት ቢጫው ነው። ለጎማ፣ ለቆዳና ለሸራ ይሆናል። ሁለቱንም ወገን በስሱ ቀብታችሁ 10 ወይም 15 ደቂቃ ጠብቁ። በጣት ሲነኩት የማይከተል ሲሆን ገጥማችሁ በኃይል ተጫኑት። ብዙ ሰው እርጥቡን ገጥሞ «ማስቲሹ ፎርጅድ ነው» ይላል፤ ችግሩ ያለመጠበቅ ነው። የእንጨት እጀታ እጅ እንዳያቆስል ላዩን ጎማ ለማልበስ ከዚህ የሚሻል የለም። ይሁን እንጂ ሙቀት ያለሰልሰዋል፤ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚያቃጥለው የዚህ አገር ፀሐይ ከባድ ነገር አታንጠልጥሉበት።

3ኛ. ነጩ ኮላ። የአናጢ ነው፤ እንጨትን ከእንጨት ያጣብቃል። አስሮ ወይም ተጭኖ ማሳደር ያስፈልጋል። አብዛኛው ዓይነት ውሃ ሲያገኘው ስለሚለቅ ክረምት ውጭ ለሚያድር ዕቃ አይሆንም። የሱዳን ስመ ጥር ሰምግም ከኮርዶፋን ይመጣል፣ ለመጠጥና ለመድኃኒት ፋብሪካ ዓለም ሁሉ ይፈልገዋል፤ ለወረቀትም ይሆናል። ግን ውሃ ውስጥ ይሟሟልና ለእጀታ አታስቡት።

4ኛ. ባለ ሁለት ቱቦው፣ ኤፖክሲ የሚባለው። አራልዳይት በሚል ስም የምታውቁት ከዚህ ዓይነት ነው። አንዱ ቱቦ ሙጫው፣ ሌላው ማጠንከሪያው ነው። ብረትን ከእንጨት፣ ብረትን ከብረት ያያይዛል፣ ክፍተትም ይሞላል፤ ውጭ ለሚሠራ ዕቃ ከአራቱ ብርቱው እሱ ነው። የቢላዋና የገጀራ እጀታ፣ የውሃ ማቀዝቀዣ የብረት መያዣ በእሱ ይጠገናል። በ5 ደቂቃ የሚይዘውም፣ ቀስ ብሎ የሚይዘውም አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠነክረው ቀርፋፋው ነው።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል

ኤፖክሲ ገዝቶ የሚለቅበት ሰው ብዙ ጊዜ ያላጠበውን ዕቃ ነው ያጣበቀው። መጀመሪያ ቅባቱንና አቧራውን በሳሙና አጥቡና በደንብ አድርቁ። ቀጥሎ ሁለቱንም ወገን በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሸካራ ድንጋይ ፈትጉ፤ ለስላሳ ነገር ሙጫ አይይዝም። ከዚያ መመሪያው በሚለው መጠን፣ አብዛኛውን ጊዜ እኩል በእኩል፣ ቀላቅሉ። «ቶሎ እንዲደርቅ» ብሎ ማጠንከሪያ መጨመር ሙጫውን ያበላሸዋል። እጃችሁን በፌስታል ሸፍኑ፤ ቆዳን ይቆጣል። ቀብታችሁ በገመድ ወይም በካላማዳሪ ጥፍር አድርጋችሁ እሰሩና እስከ ማግስቱ፣ 24 ሰዓት ሙሉ፣ አትንኩት።

አንድ ነገር ደግሞ አስተውሉ። ሙጫ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ሲጎተቱ ይጸናል፤ ከጠርዙ ሲገለጥ ግን ይሸነፋል። የቀዘቀዘ ፕላስተር ከግድግዳ ስታነሱ ጫፉን ይዛችሁ እንደምትልጡት ነው። እጀታም ሲነሳ ጠርዙ ላይ ነው የሚገለጠው። ስለዚህ ጠርዙን የሚይዝለት ሽቦ፣ ሚስማር ወይም ብሎን ይፈልጋል። ለቢላዋ እጀታ ሁለት ሚስማር አሳልፎ ጫፉን መቀጥቀጥ፣ ለማቀዝቀዣ መያዣ ሽቦ ዙሪያውን መጠምጠም በቂ ነው። ሙጫው እንዳይነቃነቅ ያደርጋል፤ ክብደቱን ብረቱ ይሸከማል።

የመጥረቢያና የቶሪያ ዛቢያ ግን የአባቶቻችን ዘዴ ይበቃዋል። ዛቢያውን ልክ አድርጎ ጠርቦ፣ ጫፉን ሰንጥቆ ደረቅ ሽብልቅ መምታት ነው። የላላውን ዛቢያ ውሃ ውስጥ ማሳደር ለአንድ ቀን ያጠብቀዋል፤ ሲደርቅ ከበፊቱ የባሰ ይላላል። በሥራ መሐል የወለቀ መጥረቢያ አጠገብ የቆመውን ሰው ነው የሚያገኘው።

እሳት የሚነካው ዕቃ

ድስት፣ ማንቆርቆሪያና የከሰል ምድጃ በሙጫ አይጠገንም። ብዙው ኤፖክሲ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል፤ የፈላ ውሃ ደግሞ ወደ 100 ዲግሪ ነው። ማታ ሲያዩት የጠነከረ ጆሮ ጠዋት ሻይ ሲፈላ ይለቃል። ከሥር ልጅ ቢኖርስ? ለእነዚህ ብሎን ወይም ጠምዛዛ ሽቦ ብቻ። እስኪጠገን ድረስም ወፍራም ጨርቅ ይዞ በሁለት እጅ ማንሳት ይሻላል። የመጠጥ ውሃ ወይም ምግብ በሚነካው በዕቃው ውስጠኛ ክፍል ማንኛውንም ሙጫ አትቀቡ።

ልጆቻችንና ሽታው

ይህን ሳንናገር ብናልፍ ጽሑፉ ጎዶሎ ነው። ካርቱም ውስጥ የጎዳና ልጆች የሚስቡት «ሲልስዮን»፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሚስቡት ማስቲሽ ከላይ በሁለተኛ ቁጥር ከጠቀስነው ወገን ናቸው። ውስጣቸው ያለው አሟሚ ኬሚካል ረሃብና ብርድ ያስረሳል፤ ስለዚህ ነው የሚስቡት። ግን አንጎልን ይጎዳል፤ የልብ ምትን አዛብቶ በድንገት ሊገድልም ይችላል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳበውን ሳይቀር። ካምፕ ውስጥ ሥራ ፈትቶ የሚውል ልጅ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ማስቲሽ ስትገዙ ትንሹን ግዙ፤ የተረፈውን ክዳኑን አጥብቃችሁ ቆልፉበት። ሥራውን ደጅ ሥሩ። በድንኳን ውስጥ፣ ከሰል በተያያዘበት አጠገብ አትክፈቱት፤ ጭሱ እሳት ይስባል። ልጁ ልብሱ ሙጫ ሙጫ ከሸተተ ከዱላ በፊት ጠይቁት፣ አዋዩት፣ ወደ ጤና ባለሙያ አቅርቡት።

በጋራ ብንሠራው

ኤፖክሲ ለአንድ ቤት ውድ ነው፤ ለአንድ እጀታ ደግሞ የሚያስፈልገው የአተር ያህል ነው። አምስት ቤት አዋጥቶ አንድ ጥንድ ቱቦ ቢገዛ ለሁሉም ይበቃል። ስትገዙ ማብቂያ ቀኑን እዩ፤ ቱቦውን ጫን ጫን ስታደርጉት የደረቀ ከሆነ ተዉት። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ መርጣችሁ ኮሬክና ቶሪያችሁን ይዛችሁ ውጡ። በድንኳኑ ዙሪያ የውሃ መውረጃ ቦይ የሚቆፈረው በእነዚህ ነው፤ ጎርፉ ሲመጣ ዛቢያ መጥረብ አይቻልም። ሽብልቅ መምታት የሚያውቁ አባቶች በየብሎኩ አሉ፤ ወጣቶቹ አጠገባቸው ተቀምጠው ይማሩ።

የተጠገነውን ዕቃ መጀመሪያ ትልቅ ሰው ይሞክረው። ጀሪካኑን ሞልታችሁ ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ አንሱና ለጥቂት ደቂቃ ያዙት። ከዚያ በኋላ ነው ለልጅ የሚሰጠው።

በሚቀጥለው እትም በሌላ የእጅ ሙያ እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።