ብርድ ያላየ ነጭ ሽንኩርት

ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር ከጓሮዬ የነቀልሁት ነጭ ሽንኩርት ፍልቃቂ አልነበረውም። ቅጠሉ አምሮ፣ አገዳውም ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር፤ ከአፈር ሲወጣ ግን እንደ ትንሽ ቀይ ሽንኩርት ድፍንና ክብ ሆኖ ተገኘ። አንዱን ላጥሁት፤ ሁለተኛውን በቢላዋ ከፈልሁት፤ ሦስተኛውን ከነአፈሩ በእጄ ይዤ ቆምሁ። ሁሉም ያው ነበሩ። ሽታውም ጣዕሙም አለ፤ የጎደለው መከፈል ብቻ ነበር። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የሚበዛው በመከፈል ነው። አንድ ፍልቃቂ ተክዬ አንድ ድፍን መልሼ ተቀበልሁ።

ጥፋቱ የዘሩ አልነበረም። እኔ በምኖርበት በሜሪላንድ ነጭ ሽንኩርት የሚተከለው ቅጠል በሚረግፍበት በጥቅምት ነው። በዚያ ጥቅምት ግን ተጨማሪ ፈረቃ ይዤ፣ ቅዳሜዬንም እሑዴንም ለሥራ ሰጥቼ ስለነበር፣ ለዘር የገዛሁት ሽንኩርት ሞቅ ባለው ወጥ ቤት በወረቀት ከረጢት ውስጥ ከረመ። የተከልሁት በሚያዝያ ነው። መዘግየቱን በውኃና በማዳበሪያ የማካክሰው መስሎኝ ነበር።

ነገሩን ለእናቴ በስልክ ነገርኋት። ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ውርጭ ሣሩን በሚያነጣበት አገር ያደገች ናትና ሳቀችብኝ። «በወቅቱ አልተከልኸውማ» አለች። ቀጥላም እንደ ልማዷ «አንተስ መቼ ነው የምታርፈው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም እንደ ልማዴ «ሥራው ሲያልቅ» አልኋት። «ሥራ አልቆለት ያረፈ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ሰው የሚያርፈው ሲመሽበት ነው» አለችኝ።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ቃል የዘገየ መልስ ነው። የምለውም አጭር ነው፦ ዕረፍት ሥራ ሲያልቅ የሚከፈል ደመወዝ አይደለም፤ ከሥራው ወቅቶች አንዱ ነው። ወቅቱን የዘለለ ሰው እንደ እኔ ነጭ ሽንኩርት ቅጠሉ ቢያምርም ድፍን ሆኖ ይቀራል።

በጥቅምት የተተከለ ነጭ ሽንኩርት መሬት ውስጥ ሥር ይሰድና የብርዱን ወራት በዚያው ያሳልፋል። ከላይ ለሚያየው ምንም የሚሠራ አይመስልም፤ በረዶ ሲወድቅበትማ የሞተ ነው የሚመስለው። ሆኖም ቀኑ ሲረዝምና አየሩ ሲሞቅ ተከፋፍሎ ራስ እንዲሠራ የሚያዘጋጀው ያ ብርድ ነው። ያንን ጊዜ በውኃም በማዳበሪያም መተካት አይቻልም። አፕልም ጠባዩ እንዲሁ ነው፤ በቂ ብርድ ያላየ ዛፍ በወጉ አያብብም። በጋሞ ደጋ የምትገኘው ጨንቻ በአፕሏ የታወቀችው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ብርዳም ከፍታ ላይ በመሆኗ ነው።

ብርድ የማያስፈልገው ቡናችን እንኳ የራሱ ዕረፍት አለው። አንድ ዓመት ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ያፈራ ቡና በቀጣዩ ዓመት ፍሬው ይቀንሳል። ከአቅሙ በላይ የተሸከመ እንደሆነ ቅርንጫፎቹ ከጫፍ ጀምረው ይደርቃሉ። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ ፍሬ ያሳነሰውን ዛፍ ሰነፍ ብሎ አይቆርጠውም።

እኛ ግን ራሳችንን ሰነፍ ለማለት የምንቸኩል ሰዎች ነን። ለዚህ ቋንቋችንም ያገዘን ይመስለኛል። ለሞተ ሰው በአክብሮት «አረፈ» እንላለን። ሕፃን ሲያስቸግር «አርፈህ ተቀመጥ» ብለን እንቆጣለን። ሥራ የሌለውን ሰው «ሥራ ፈት» ስንለው ስድብ ነው። እንግዲህ በዕለት ንግግራችን ዕረፍት የሙታን ድርሻ ወይም የአስቸጋሪ ልጅ ቅጣት ሆኖ ሲነገር ያደገ ሰው፣ በሠላሳና በአርባ ዓመቱ ወንበር ይዞ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ አንድ ነገር የሰረቀ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ይኸው ቋንቋ ግን ሌላ ቃልም ሰጥቶናል። ገበሬ ሳያርሰው የተወውን መሬት «ጦም አደረ» ይለዋል። ብዙ ጊዜ የሚነገረው በቁጭት ነው፤ ቢሆንም ቃሉ ራሱ ፍሬ ነገር አለው። የጦመ ሰው አልሞተም፤ የሚፈስክበት ቀን አለው። በደጋው አገር መሬት በተትረፈረፈበት ዘመን አራሽ እርሻውን በየተራ ያሳርፍ ነበር። መሬት ሲጠብ ደግሞ ከገብስ በኋላ ባቄላ ወይም አተር እየዘራ፣ ማሳው የተወሰደበትን ኃይል እንዲመልስ ያደርጋል። ይህ ገበሬ ዕረፍትን የሥራ ተቃራኒ አድርጎ አላየውም፤ የሚቀጥለው ዓመት እርሻ አካል ነበር።

ከዚህም የሚልቅ ምስክር አለን። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ስለ ዕረፍት ቀን የተደረገ ረጅም ክርክር ያለበት ታሪክ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ከእሑድ ጋር ቅዳሜም እንዲከበር አጥብቀው አስተማሩ፤ ስለ አቋማቸው ተሰደው በአርመን አገር ዐረፉ። ተከታዮቻቸውም ለብዙ ዓመታት ተገፍተው ኖሩ። በመጨረሻ በ1450 እ.ኤ.አ. ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ባሰባሰቡት ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። በቤተ እስራኤል ዘንድ ደግሞ ሰንበት እንደ ሴት ተመስላ የምትከበር ናት፤ «ትእዛዘ ሰንበት» የሚባል መጽሐፍም አላት። ክርክሩ የሃይማኖት እንጂ የጤና ጉዳይ እንዳልነበር አውቃለሁ። ሆኖም ለአንድ የዕረፍት ቀን ሲሉ ስደትን የተቀበሉ ሰዎች ወራሾች፣ ዛሬ በስደት አገር ሁለቱንም ቀን በሰዓት ሒሳብ ስንሸጥ መኖራችን ቆም ብለን ልናየው የሚገባ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ተገቢ ቁጣ ያለው አንባቢ እንደሚኖር እገምታለሁ። «የቤት ኪራይ ማን ይከፍላል? አገር ቤት ያለው ወንድሜ ትምህርት ቤት በምን ይገባል?» ይለኛል። እውነት ነው፤ ዕረፍት በፈቃድ ብቻ የሚገኝ ነገር አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አሠሪን የሚከፈልበት የዓመት ዕረፍት እንዲሰጥ አያስገድደውም፤ የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ግን በዓመት ቢያንስ 4 ሳምንት ያዛል። ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015፣ ኳታር በ2017 ባወጧቸው ሕጎች ለቤት ሠራተኞች ሳምንታዊ የዕረፍት ቀን ደንግገዋል። ቀኑ በወረቀት መጻፉና በሰው ቤት የምታገለግል እህታችን በር ከፍታ መውጣት መቻሏ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሰንበት ቀን እንኳ ወደ ጓሮ መውጣት ላልተፈቀደላት ሴት ስለ አትክልት ማውራት ስላቅ ይሆናል።

ስለዚህ የምናገረው ሌላውን ወገን ነው፤ ማረፍ እየቻልን የማናርፈውን። እኔ ሁለተኛውን ሥራ የጀመርሁት ለአንድ ዕዳ ነበር። ዕዳው አለቀ፤ ሥራው ግን ቀረ። ምክንያት አልጠፋለትም፤ መጀመሪያ መኪና፣ ቀጥሎ አገር ቤት የሚሠራ ቤት፣ ከዚያም «ለክፉ ቀን» የሚባለው ወሰን የሌለው ቀን። በእነዚያ ዓመታት እናቴን የማነጋግራት በሁለት ሥራ መካከል፣ ከመኪና ውስጥ፣ አንድ እጄ መሪው ላይ ሆኖ ነበር። «ደኅና ነሽ? ብሩ ደረሰሽ?» እላታለሁ፤ «ደርሶኛል፤ ዕድሜ ይስጥህ» ትለኛለች፤ ስልኩ ይዘጋል። የምልክላት ገንዘብ በየወሩ ሳይጎድል ይደርሳት ነበር፤ እኔ ግን አልደረስኋትም። ከብዙ ዓመት ወዲህ ረጅሙን ወሬ ያወራነው ስለ ድፍኑ ነጭ ሽንኩርት ነው። ያን ቀን ከደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ እጄ አፈር እንደሆነ፣ ሰዓቴን ሳላይ አዳመጥኋት። አባቴ ገብስ ያሳረፈበትን ማሳ፣ እሷ ከጓሮ ጎመን ቀጥፋ የምትመለስበትን ጊዜ አወራችኝ። እንዲህ ያሉ ነገሮችን ጠይቄያት እንደማላውቅ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

ፈጠራም የሚበቅለው በዚህ ዓይነት ጊዜ ውስጥ ነው። የቅኔ ቤት ተማሪዎች ልማድ ይህን በግልጽ ያሳያል። ተማሪው ቅኔ የሚቆጥረው ከጉባኤው ተለይቶ፣ ብቻውን ዛፍ ጥላ ሥር ወይም ጫካ ገብቶ ነው፤ የቆጠረውንም ኋላ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። በዚያ ሰዓት በመንገድ የሚያልፍ ሰው ቢያየው ደበሎውን ተከናንቦ የተቀመጠ ሥራ ፈት ነው የሚመስለው። ሊቃውንቱ ግን ለዚያ ብቸኝነት በትምህርቱ ሥርዓት ውስጥ ቦታ ሰጡት። ለእኔም ቢሆን ለመጻፍ ብዬ ጠረጴዛ ላይ ስቀመጥ የማይመጣው ዓረፍተ ነገር፣ ከበሶብላው ሥር አረም ስነቅል ይመጣል። እጅ በቀላል ነገር ሲያዝ ልብ ነጻ ይሆናል መሰለኝ።

ይሁንና አንድ ማስጠንቀቂያ ማከል አለብኝ፤ ራሴው የወደቅሁበት ስለሆነ። ጓሮዬ ትንሽ እንዳማረ ፎቶግራፍ ማንሳት፣ የስንት ዶላር ጎመን እንደበላሁ ማስላት፣ «ኮሰረት ብሸጥስ?» ማለት ጀመርሁ። ሦስተኛ ሥራ ልከፍት ነበር ማለት ነው። ዕረፍትን የሚያተርፍ ነገር ካላደረግነው በቀር መታገሥ ያቅተናል። «ብታርፍ የበለጠ ትሠራለህ» የሚለው የዘመኑ ምክርም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ዕረፍትን መልሶ የሥራ ሎሌ ያደርገዋል። እኔም በነጭ ሽንኩርት ምሳሌዬ ወደዚያው እንዳልወድቅ እሰጋለሁ። ፍሬው እርግጥ ይመጣል፤ ነገር ግን የብርዱ ወራትም ራሳቸው የሕይወት ወራት ናቸው፤ ከዕድሜያችን ላይ የሚቆጠሩ። «ጎመን በጤና» ያሉት አባቶቻችን የጎመንን ዋጋ ከሥጋ ጋር እያነጻጸሩ አልነበረም፤ ይበቃል የሚባል ነገር እንዳለ ማሳሰባቸው ነው።

ሁለተኛውን ሥራ ሙሉ በሙሉ አልተውሁም፤ ግን እሑድን ከእሱ ወስጃለሁ። ገቢዬ ቀንሷል፤ አገር ቤት የሚሠራው ቤትም በታሰበው ጊዜ አያልቅም። ይህን ለቤተሰቤ መንገር ከጠበቅሁት በላይ ከባድ ነበር፤ የተቀየመም አለ። ዕረፍት ዋጋ አያስከፍልም ብዬ አንባቢን ላታልል አልፈልግም።

ዘንድሮ በጥቅምት አጋማሽ፣ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ፍልቃቂዎቹን ጫፋቸውን ወደ ላይ አድርጌ በአራት መስመር ተከልሁና በደረቅ ቅጠል ሸፈንኋቸው። ኮሰረቱን ከውርጭ ለማዳን ከነማሰሮው ወደ ቤት አስገባሁት፤ በሶብላውን ዘሩን ለቅሜ ተሰናበትሁት፤ ጤና አዳሙ ብርዱን ስለሚችል እዚያው ቀረ። ጎመኑንም አልነቀልሁትም፤ ውርጭ ሲያገኘው ይጣፍጣልና። ከዚያ በኋላ በጓሮው የሚሠራ ምንም አልነበረም። ጥቂት ቆይቼ ለእናቴ ደወልሁ። «ምን እያደረግህ ነው?» አለችኝ።

«ምንም» አልኋት።

«እሰይ» አለች።