ኪንግስተን ላይ «ከኢትዮጵያ ነን» ስትሉ

«ስለ ሽርሽር ጻፊልን» እያላችሁ ስትወተውቱኝ የቆያችሁ አንባብያን፣ ዘንድሮ ተሳክቶልኛል። አስቀድሜ ግን ልንገራችሁ፤ ነጭ አሸዋ ላይ ተጋድመን፣ ኮኮናት ይዘን የተነሳነው ፎቶ አንድ ብቻ ነው። እሱም ላይ ባለቤቴ ዓይኑን ጨፍኗል።

ጃማይካ የሄድነው ከዋሽንግተን ተነስተን ነው። የባለቤቴ ታናሽ እህት ሰርግ ነበር። ሰርጉም ቅልቅሉም ሲያልቅ መመለሻችን ገና ስለነበር፣ ከተጋባን ጀምሮ «አንድ ቀን» እያልን ስናስተላልፈው የኖርነውን የጫጉላ ሽርሽር በስድስተኛ ዓመታችን ወጣን፤ ለአምስት ቀን። የአራት ዓመት ልጃችንን አዲስ አበባ እናቴ ዘንድ ትተናታል።

ይዘነው የሄድነው ሐሳብም ነበረ። ሰርጉ ላይ ዘመድ ሁሉ ባለቤቴን ጥግ እያስያዘ «ቲኬታችሁን ቅደዱት» ሲለው ነው የሰነበተው። ሥራ አይጠፋም፣ ማረፊያ አለ፣ ልጅቷን ወረቀት ሲስተካከል ታመጧታላችሁ ነው ነገሩ። ስንት ዓመት ይፈጃል ስትሉ ሁለት፣ ሦስት፣ «ቢበዛ አምስት»። እኔና እሱ ግን ቁጭ ብለን አልተነጋገርንበትም። አውሮፕላን ውስጥም ስለ ፊልም ነበር ያወራነው። ባለትዳሮች ይህችን ዓይነት ወሬ ታውቋታላችሁ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ማስታወቂያ ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ያልተባለውን ነው። ሞንቴጎ ቤይና ኔግሪል «ሁሉን ያካተተ» የሚባሉ ሪዞርቶች ሞልተዋል። ገብታችሁ፣ በልታችሁ፣ ዋኝታችሁ ትወጣላችሁ፤ የአገሬውን ሰው የምታገኙት ፎጣ ሲያቀብላችሁ ነው። ኪሳችንም አልፈቀደም። ስለዚህ ኪንግስተን ውስጥ አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ የሚያከራዩት የእንግዳ ማረፊያ ያዝን። በመካከላችን «እትዬ» እያልን ነበር የምናነሳቸው፤ ሌላ ስም አይስማማቸውም። በመጀመሪያው ጠዋት እንቁላል ፍርፍር የመሰለ ነገር አቀረቡልን። አኪ ይባላል፣ ፍሬ ነው። ከምዕራብ አፍሪካ በባሪያ ንግድ ዘመን የመጣ ሲሆን ጨው ከገባ ዓሣ ጋር ይበላል፤ የአገሪቱ ብሔራዊ ምግብም ነው። ፍሬው ዛፉ ላይ እንዳለ በራሱ ጊዜ ካልተከፈተ በስተቀር መርዝ ነው። እትዬ ይህን የነገሩን በልተን ከጨረስን በኋላ ነው፤ እየሳቁ።

አሁን ወደ ርእሴ ልምጣ። ኪንግስተን ላይ «ከኢትዮጵያ ነን» ስትሉ ሰው ቀና ብሎ ያያችኋል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩ ፎጣው ላይ፣ ካልሲው ላይ፣ ክብሪቱ ላይ አለ። «ሰጠ ምስጋና» የሚለውን አማርኛ ርእሱ ያደረገ ዘፈን የሠራው «ዘ አቢሲንያንስ» የተባለው ቡድን የጃማይካ ነው። እኔ ለአንድ የምርት ስም ሰው እንዲህ እንዲወደው ለማድረግ ስንት ስብሰባ እንደምቀመጥ አስቤ ቀናሁ። እዚያ ግን የሚወዱት ነገር አገሬ ናት፤ እኛ ደግሞ ያቺን አገር ትተናት እንቅር ወይስ አንቅር የሚለውን በሆዳችን ይዘናል።

እሑድ ማክስፊልድ ጎዳና ወደሚገኘው ቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የእኛው ተዋሕዶ ናት፤ ቤተ ክርስቲያናችን በኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉትን አባት እ.ኤ.አ. በ1970 ወደ ጃማይካ ከላከች በኋላ ሥር የያዘች። ቦብ ማርሊን የቀበሩት እሳቸው ናቸው፤ የክርስትና ስሙ ብርሃነ ሥላሴ ነበር። ነጠላ ያጣፉ ጃማይካውያን እናቶች መሃል ቆማችሁ እንግሊዝኛው ቅዳሴ ውስጥ ግዕዙ ድንገት ሲወጣ ምን እንደሚሰማ ልገልጸው አልሞክርም።

ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሽማግሌ ቀረቡንና በአማርኛ «ጤና ይስጥልኝ» አሉን። አማርኛቸው እዚያው አለቀ። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃንሆይ ኪንግስተን ሲገቡ የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ አባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው አይተዋል። መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ወጥቶ እንደነበር ይነገራል። ሕዝቡ ጥበቃውን ጥሶ አውሮፕላኑን ስለከበበ ጃንሆይ ብቅ ብለው ተመልሰው ገቡ፤ የወረዱት ሞርቲሞ ፕላኖ የተባለ የራስታ አባት መሰላሉን ወጥቶ ሕዝቡን ካረጋጋ በኋላ ነው። ሽማግሌው ይህን ሲያወሩ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ኢትዮጵያን አይተዋት አያውቁም። ወንድማቸው ሻሸመኔ ኖሮ እዚያው አርፏል፤ ጃንሆይ ለጥቁር ሕዝብ በሰጡት አምስት ጋሻ መሬት ላይ። «ከቤታችሁ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» አሉን። ባለቤቴ አራት ሰዓት ገደማ አላቸው። ቀጥለው «መቼ ነው የምትመለሱት?» ሲሉት ግን ዝም አለና «እግዚአብሔር ሲፈቅድ» ብሎ አለፈው። አየሁት፤ አላየኝም።

ሰኞ ብሉ ማውንቴን ወጣን። ለአበሻ ተራራው ብዙ አያስደንቅም። ጫፉ 2,256 ሜትር ነው፤ ፒያሳ ከዚያ ትበልጣለች። የሚያስደንቀው ቡናው ነው። ቡና ደሴቲቱ ላይ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1728 አንድ እንግሊዛዊ የቀድሞ አገረ ገዥ አስመጥቶ ነው፤ ከእኛ ጋር ሲነጻጸር ትናንት ማለት ነው። ዛሬ ግን በዓለም ውድ ከሚባሉት ቡናዎች አንዱ ነው። ስሙ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ከተወሰነው አካባቢ ውጭ የበቀለ ቡና በዚያ ስም አይጠራም። የሚላከውም በጆንያ ሳይሆን በእንጨት በርሜል ነው። በርሜሉን ያየ ገዢ ዋጋ አይከራከርም። የይርጋጨፌና የሐረር ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ጥርሴን ነክሼ ነው።

ማክሰኞ ግን ስለ ሌላ በርሜል ሰማን።

ወደ ቦስተን ቤይ የወሰደን ሹፌር እኩያችን ነው። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ወሬ ይወዳል። ልጅ አላችሁ ወይ ሲለን አለችን፣ አያቷ ጋር ናት አልነው። «እኔም በርሜል ልጅ ነበርኩ» አለን። ቃሉ የእሱ ፈጠራ አይደለም። ወላጆቻቸው ለሥራ ወደ አሜሪካ፣ ካናዳና እንግሊዝ ሄደው አያት ወይም አክስት ያሳደጓቸው፣ እናት ደግሞ በትልቅ በርሜል ልብስና ምግብ የምትልክላቸው ልጆች በደሴቲቱ የሚጠሩበት ስም ነው።

እናቱ ኒው ዮርክ የሄደችው አምስት ዓመቱ ላይ ነው። በርሜሉ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ለገና እና ትምህርት ቤት ሲከፈት። ሩዝ፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ልብስ። ሁሉም ነገር ሳሙና ሳሙና ይሸታል፣ ሩዙም ጭምር። ጫማው ግን ሁልጊዜ ይጠበው ነበር። «እናቴ የምታውቀው ትታው የሄደችውን እግር ነው» አለ፤ መሪውን እያዞረ፣ እንደ ቀልድ። ስትመለስ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። ኤርፖርት ላይ እንደ አስተማሪ «ሚስ» ብሎ ጠራት። አልተቀየማትም። የአያቱን ቤት ጣሪያ ያለበሰችው እሷ ናት፤ መኪናውም የተገዛው በእሷ ገንዘብ ነው። ይህን ደጋግሞ ነገረን፤ ትክክልም ነው። ቤሩት ወይም ዱባይ ያለች እህት ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

ቦስተን ቤይ በፒሜንቶ እንጨት ጭስ የሚጠበስ የዶሮ ጀርክ የታወቀ ነው። ቅመሙ ያቃጥላል፤ ለአበሻ ምላስ የተሠራ ነው። ባለቤቴ የራሱን ሳይነካ ቀዘቀዘበት።

የዚያን ቀን ከምሽቱ 4 ሰዓት ወደ አዲስ አበባ ደወልን። እዚያ ጠዋት 12 ሰዓት ነው። ልጃችን ስልኩን ይዛ ስትሮጥ ጣሪያውንና ግንባሯን ብቻ አየን፤ ከዚያ ሰልችቷት ሄደች። እናቴ ስልኩን ስታነሳ ባለቤቴ «እማዬ፣ የጫማ ቁጥሯ ስንት ነው?» አላት።

«26። ምነው፣ ልትገዙላት ነው?»

«አይ፣ ዝም ብዬ ነው።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ በረንዳ ላይ እስከ እኩለ ሌሊት ተቀመጥን። ያልነውን ሁሉ እዚህ አልዘረዝረውም፤ ደመወዝ አለበት፣ የቤት ኪራይ አለበት፣ እኔም ያለቀስኩበት ቦታ አለ። በመጨረሻው ቀን ቁርስ ላይ እትዬ «ከዚህ ወዴት ናችሁ?» ብለው ሲጠይቁ ባለቤቴ ከእኔ ቀድሞ «አዲስ አበባ» አለ። እህቱ ተቀይማን ነበር፤ አሁን እየበረደላት ነው።

ለእናቴ ብሉ ማውንቴን ቡና ይዤላት መጣሁ፤ ሩብ ኪሎ እንኳን አይሞላም፣ ዋጋውን ግን አልነገርኳትም። አፍልታ፣ አንድ ጊዜ ፉት ብላ፣ ስኒውን አስቀመጠች። «ለስላሳ ነው» አለች። «ግን ሁለተኛ አይወጣለትም።» ተነስታም የራሷን ቡና ልትቆላ ምጣዱን ጣደች።