ዳኛውም ተጫዋቹም መንግሥት፦ የውድድር ሕጋችን ከመነሻው ሲፈተሽ

አገር ቤት በተደወለ ቁጥር የምንሰማው የኑሮ ውድነት ነው። ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ ጤፉ ሁሉ ጣሪያ ነክቷል። ባለሥልጣናቱ በየዘመኑ የሚሰጡት መልስ ግን አይለወጥም፤ ጥፋቱን በስግብግብ ነጋዴ ላይ መለጠፍ ነው። ስግብግብ ነጋዴ የለም አንልም። እኛ የምንጠይቀው፣ ነጋዴውን ሥርዓት ያስይዛል የተባለው ሕግ ከመነሻው አቅም ነበረው ወይ? ብለን ነው።

በኢሕአዴግ ዘመን የመጀመሪያው የውድድር ሕግ የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ የንግድ አሠራር አዋጅ ቁጥር 329/1995። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አዋጁ በወረቀት ላይ የሚናቅ አልነበረም። ነጋዴዎች ተመሳጥረው ዋጋ እንዳይወስኑ፣ ገበያ እንዳይከፋፈሉ፣ በጨረታ እንዳይሻረኩ ይከለክላል። መዘዙ ያለው ከክልከላው ጎን በተጻፈው ላይ ነው።

አንደኛ፣ ሕጉ የማይነካቸው ነበሩ። ለመንግሥት ብቻ የተከለሉ የንግድ ሥራዎች፣ ልማትን ያፋጥናሉ ብሎ መንግሥት የሚመርጣቸው ድርጅቶች፣ ዋጋቸው በመንግሥት የሚወሰን መሠረታዊ ሸቀጦች ከአዋጁ ውጭ ተደረጉ። እስቲ ልብ በሉ! ኤፈርትን የመሰሉ ከያኔው ገዢ ፓርቲ ጋር የተሳሰሩ ግዙፍ ኩባንያዎች በነበሩበት አገር፣ መንግሥት የሚመርጣቸው የሚለው ሐረግ ምን ያህል ሰፊ በር እንደሚከፍት ለአንባቢ መንገር አያሻም። ትልልቆቹ በዚያ በር መውጣት ከቻሉ፣ ለሕጉ የሚቀርለት የመርካቶው ባለሱቅ ነው።

ሁለተኛ፣ የዳኛው ጉዳይ ነው። አጣሪ ኮሚሽኑ የሚሰጠው ውሳኔ የሚጸናው የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስትሩ ሲያጸድቀው ብቻ ነበር። ራሱ መንግሥት ዋና ነጋዴ በሆነበት ገበያ፣ የሚኒስትርን ፊርማ የሚጠብቅ ኮሚሽን ለሸማቹ ምን ሊፈይድ? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 685/2002 ተተካ። የኩባንያዎችን ውሕደት መቆጣጠርንና የሸማቾችን መብት መጨመሩ ደግ ነበር። ነገር ግን በዚያው ሰሞን የብር ምንዛሪ በአንድ ጊዜ ዝቅ እንዲል ተደረገና ዋጋ ናረ። መንግሥት በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. መጨረሻ በስኳር፣ በዘይት፣ በሥጋና በሌሎችም ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ። ዕቃው ከመደርደሪያ ጠፋ፤ ሰልፉ ረዘመ። ከጥቂት ወራት በኋላ ጣሪያው ከአብዛኞቹ ላይ ተነሳ። በነሐሴ 2003 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበቱ በመንግሥት በራሱ አኃዝ ከ40 በመቶ በላይ ነበር። በገንዘብ ፖሊሲ የመጣን ንረት በዋጋ ተመን ማስቆም፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ብዙዎቻችን በምንኖርባት አሜሪካ የሮክፌለር ስታንዳርድ ኦይል በ1911 እ.ኤ.አ. እንዲበታተን የተወሰነው በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነበር። የከሰሰው መንግሥት ነው፤ የፈረደው ግን ፍርድ ቤት። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

በእኛ አገርስ? በ2006 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 813/2006 ወጣ፤ የራሱ የዳኝነት ችሎትም ያለው ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ2014 ዓ.ም. ባለሥልጣኑ ፈረሰና ሥልጣኑ ወደ ንግድ ሚኒስቴር ተመለሰ። ከ19 ዓመት በኋላ ወደ ተነሳንበት ቦታ!

ስለዚህ የምንለው ግልጽ ነው። ተጠሪነቱ ለፓርላማ የሆነ ነፃ ተቋም ይኑር። ሕጉ የመንግሥትንም ሆነ የፓርቲን ድርጅት እንደ ባለሱቁ እኩል ይዳኝ። ዋጋ የሚተምነውና የሚፈርደው አንድ እጅ አይሁን። በሰው አገር ላባችንን አንጠፍጥፈን ለወገን የምንልካት ገንዘብ ዘይት ሳትገዛ የምታልቀው ነጋዴው ስለከፋ ብቻ አይደለም። ኃያሉን የሚጠይቅ ዳኛ ስለሌለም ነው።