ማሽኑን ተዉት፣ መፍጫውን ክሰሱ

ሰሞኑን ከምናውቃቸው ሰዎች ግማሹ ቤቱ የኤስፕሬሶ ማሽን አስገብቷል። ያልገዛው ደግሞ ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ አስመጥቷል። ደስ ይላል። ቡና የሚወድ ሰው ቢበዛ ቅር አይለንም። ቅር የሚለን ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ የሚመጣው ለቅሶ ነው። «ማሽኑ ግፊት የለውም!» «ጌጁ 3 ላይ ቆሞ ቀረ!» «ቡናው እንደ ቧንቧ ውሃ ወረደ!» ወይም በተቃራኒው፣ «ጠብ አልል አለኝ!» ከዚያ ባለሙያ ይጠራል። ባለሙያው ማሽኑን ይፈታል፣ ፓምፑ ካልተቀየረ አይሆንም ይላል፣ ፓምፑ ይቀየራል፣ ብር ይቆጠራል። ቡናው ግን አሁንም እንደ ቧንቧ ውሃ ይወርዳል።

የእኛ አቋም አጭር ነው። ከእነዚህ ማሽኖች አብዛኞቹ ጤነኞች ናቸው። የታመመው አጠገባቸው የተቀመጠው፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው መፍጫ ነው። ጭራሽ መፍጫ የሌለበት ቤትም ሞልቷል።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከካርቶኑ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «15 ባር» ተብሎ ተጽፏል፤ ጎኑ ያለው ደግሞ «20 ባር» ይላል። (ባር ስንል ቺችኒያ ያሉትን አይደለም፣ የግፊት መለኪያውን ነው።) ገዢው 20 ከ15 ይበልጣል ብሎ ጨምሮ ይከፍላል። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ችግሩ ቡናው ይህን ሒሳብ አለማወቁ ነው። ኤስፕሬሶ የሚፈልገው 9 ባር ገደማ ነው፣ አለቀ። 15 ማለት ያቺ የምትንዘረዘረው ትንሽ ፓምፕ ውሃው መውጫ ሲያጣ የምትደርስበት ጣሪያ ነው። የሚኒባስ ታክሲ ፍጥነት መለኪያ ላይም 180 ተጽፏል፤ ከሜክሲኮ ሳሪስ በ180 የተጓዘ ግን የለም። ደህና ማሽን እንዲያውም ትርፉን ግፊት ወደ ውሃ ማጠራቀሚያው የሚመልስ ቫልቭ አለው። ለምን ከፍ ያለ ቁጥር እንደሚያስከፍላችሁ፣ ከዚያም ለምን ውስጡ ያለው ቫልቭ ያንኑ ቁጥር እንደሚጥለው ሻጩን ጠይቁት።

9 ባር ከየት መጣ? ሉዊጂ ቤዜራ እ.ኤ.አ. በ1901 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ማሽን በእንፋሎት የሚሠራ ነበር፤ ግፊቱ ከ2 ባር አይዘልም። አኪሌ ጋጂያ በ1940ዎቹ መጨረሻ በእጅ የሚሳብ ስፕሪንግ ያለው ማሽን ይዞ መጣ፤ ዛሬ ክሬማ የምንለው ወርቃማ አረፋ የተወለደው ያኔ ነው። በ1961 ደግሞ ፋዬማ ኢ61 የተባለው ማሽን የሰውን ክንድ በፓምፕ ተካና 9 ባር መደበኛ ሆነ። ልብ በሉ፣ ከዚያ ወዲህ ባሉት ስልሳ ምናምን ዓመታት ቁጥሩ ብዙም ፈቀቅ አላለም። 20 የደረሰው ካርቶኑ ላይ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ፓምፕ ግፊት አይሠራም። ፓምፕ ውሃ ይገፋል። ግፊት የሚወለደው የተገፋው ውሃ የሚቋቋመው ነገር ሲያጋጥመው ነው። መኪና የሚያጥበው ልጅ የጎማውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ሲይዘው ውሃው እንዴት እንደሚወነጨፍ አይታችኋል፤ ቧንቧው ያው ቧንቧ ነው፣ የተለወጠው አውራ ጣቱ ነው። ኤስፕሬሶ ላይ አውራ ጣቱ ቡናው ነው። ቡናው ሽርክት ከሆነ ውሃው በመሀሉ ሰተት ብሎ ያልፋል፣ ጌጁም 3 ላይ ይተኛል። ከመጠን በላይ ከላመ ግድግዳ ይሆንና ጌጁ ጣሪያ ነክቶ ፍንጃሉ ባዶ ይቀራል። ተቃውሞ በሌለበት ግፊት የለም። (ይህን ዓረፍተ ነገር ወስዶ ሌላ ትርጉም የሚሰጠው ካለ የራሱ ጉዳይ ነው።)

እንግዲህ «ማሽኔ ግፊት የለውም» የሚለው ሰው እየነገረን ያለው ስለ ማሽኑ ሳይሆን ስለ ቡናው አፈጫጨት ነው። ባለ ምላጩ መፍጫ፣ ያ ሁላችንም ቤት ያለው፣ ቡናን አይፈጭም፤ ይቆራርጣል። ከውስጡ አቧራና ሽርክት አብረው ይወጣሉ። አቧራው ወንፊቱን ይደፍናል፣ በሽርክቱ በኩል ደግሞ ውሃው ቀዳዳ ያበጃል፤ በአንዱ ጎን ተቃጥሎ በሌላው ጎን ጥሬ የሆነ ቡና ትጠጣላችሁ፣ መራራም ኮምጣጣም በአንድ ፍንጃል። ኤስፕሬሶ የሚሻው ሁለት ጥርሳም ቀለበቶች ያሉትን፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በትንሽ በትንሹ የሚጠብና የሚሰፋ መፍጫ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ዋጋው ያስደነግጣል። በእጅ የሚዞረው ግን አለ፤ ጥሩው ሥራውን በደንብ ይሠራል፣ ላቡ የእናንተ ነው።

እዚህ ላይ «እናቶቻችን በሙቀጫና በዘነዘና ወቅጠው ምን ጎደላቸው?» የሚል መቼም አይጠፋም። ምንም አልጎደላቸውም! ጀበና ይቅር ባይ ናት። ቡናውና ውሃው አብረው ይፈላሉ፣ ጊዜ አላቸው፣ አተላው ይዘቅጣል፣ አንዱ ቅንጣት ከሌላው ቢተልቅ የሚከስ የለም። ኤስፕሬሶ ግን ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ብቻ ነው ያለው። በዚያች ጊዜ ውስጥ 18 ግራም ቡና 36 ግራም ገደማ መጠጥ መስጠት አለበት። ሁለቱን ማነጻጸር ጋቢን በዣንጥላ መመዘን ነው።

የተፈጨ ቡና በላስቲክ ገዝተው ማሽኑን የሚረግሙትስ? ሱቅ የሚፈጭላችሁ ሰው የእናንተን ማሽን አያውቀውም። ለጀበና ይሁን ለሞካ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም አንድ እርምጃ አልሞ ለመፍጨት እናንተ ቤት መምጣት የለበትም። ለዚህ ነው አምራቾች ርካሽ ማሽኖች ላይ ባለ ድርብ ታች ወንፊት የሚጨምሩት። ከላይ ብዙ ቀዳዳ፣ ከታች አንዲት ጠባብ ቀዳዳ። ግፊቱን የምትፈጥረው ያቺ ቀዳዳ ናት፣ ቡናው ሥራ ፈት ነው። አረፋው ያምራል፣ ጌጁም ይኮራል። በሱቅ የተፈጨ ለሚጠጣ ሰው መፍትሔ ነው፣ አንቃወምም። ነገር ግን ያንን አረፋ ፎቶ አንስቶ ክሬማ ብሎ መለጠፍ ትንሽ ይከብዳል።

ስለ መጠቅጠቅ ብዙ አንልም። ቡናውን በሙሉ ክብደታቸው የሚጫኑ ጎረምሶች እናውቃለን። 9 ባር ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 9 ኪሎ ገደማ ነው፤ በ58 ሚሊ ሜትር ወንፊት ላይ ሲደመር 240 ኪሎ ይጠጋል። እናንተ በ15 ኪሎ ጫናችሁት በ20፣ ውሃው በ240 ይመጣበታል። ደልድሉት፣ የተጓጎለውን በቀጭን መርፌ በትኑት፣ ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑት፣ በቃ።

ቡናው ራሱስ? ጀበና አንድ ነገር አስተምራናለች፤ ቆልተህ ወዲያው ጠጣ። ለኤስፕሬሶ ይህ አይሠራም። አሁን የወረደ ቡና ውስጡ ጋዝ ታፍኗል፤ ውሃው ሲነካው ይፈላል፣ አረፋው ይበዛል፣ አወራረዱ ዛሬና ነገ አንድ አይሆንም። አንድ ሳምንት ገደማ ይረፍ። ከሁለት ወር በላይ መደርደሪያ ላይ የከረመው ደግሞ ጋዙ ስላለቀ አይቋቋምም፤ አልማችሁ ካልፈጫችሁት እንደ ውሃ ይሮጣል። ማሽኑ ትናንት ደህና ነበር፣ ዛሬ ምን ነካው የምትሉት ላስቲኩን ስትቀይሩ ከሆነ ምንም አልነካውም።

እንግዲህ ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት። ሚዛን ያዙ፤ የወርቅ ቤት ዓይነቷ ትንሿ ትበቃለች። 18 ግራም ግቡ፣ ሰዓት ቁጠሩ። በ12 ሰከንድ 36 ግራም ከወረደ ትንሽ አልሙ፤ በ50 ሰከንድ ካልሞላ ትንሽ አክርድዱ። ሌላ ምንም አትንኩ፣ መጠኑንም አጠቃጠቁንም። አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። አልሙ አልሙ የሚለውም ዳር አለው፦ እ.ኤ.አ. በ2020 ማተር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከመጠን በላይ ሲልም ውሃው እኩል ማለፉን ትቶ በከፊሉ ብቻ ይሄዳል፤ ከሚገባው ያነሰ ቡና ፍንጃሉ ውስጥ ይገባል። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልሆነ ቀዳዳ የሌለውን ድፍን ወንፊት ግጠሙና ፓምፑን ለጥቂት ሰከንድ አስነሱ። ጌጁ 9ን ካለፈ ፓምፑ ደህና ነው፣ ጉዳዩ ተዘጋ። (አደራ፣ ግፊቱን ራሱ የማይለቅ ማሽን ከሆነ እጀታውን ወዲያው አትፍቱ፤ የፈላ ውሃ ፊት ላይ ይረጫል። ይብረድ።)

ማሽኑ ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ የለም አላልንም። እኛ አገር እንዲያውም የራሳችን ምክንያቶች አሉን። አንደኛው መብራት ነው። ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ ማሞቂያው አንድ ሦስተኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ ፓምፑም ይደክማል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ የምታወጡት ቡና ጠዋት ከምታወጡት ጋር እኩል ካልሆነ መፍጫውንም ማሽኑንም ማሩት። ሁለተኛው የዘመድ ሻንጣ ነው። ከቨርጂኒያ የመጣው ማሽን በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ የተሠራ ነው። መርካቶ የሚሸጠው ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል፣ ኸርዙን ግን አይነካም፤ እዚህ 50 ነው። ያቺ የምትንዘረዘረው ፓምፕ ምቷን የምትቆጥረው በኸርዝ ስለሆነ ከስድስት ምት አንዱ ጎደለባት ማለት ነው፣ ጠመዝማዛ ሽቦዋም ይበልጥ ይግላል። ይህን ዘመድ አይነግራችሁም፣ ስለማያውቅ። ሦስተኛው ውሃ ነው፤ የሻይ ማፍሊያችሁ ታች ነጭ ቅርፊት ከያዘ የማሽኑም ሆድ ይዟል፣ በሲትሪክ አሲድ ይታጠብ።

ያለ ቡና ስታስነሱት ውሃው በእንፋሎት እየተንጨረጨረ የሚወጣው ግን በሽታ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በ93 እና በ94 ታፍኖ የቆየ ውሃ አየር ሲያገኝ ቢፈላ ምን ይገርማል?

የሚያናድደን ገንዘቡ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር መቶን ተሻግሮ ሄደ፤ ከውጭ የሚገባ ማሽን ከዚያ ወዲህ የስንት ወር ደመወዝ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ይህን ሁሉ ከፍሎ መፍጫ ላይ የሚሰስት ሰው መኪና ገዝቶ ጎማ ላይ የሚከራከር ነው። ያላችሁን ብር ለሁለት ክፈሉት፣ ግማሹ ለመፍጫው። ለሁለት የማይከፈል ከሆነ ማሽኑ ይቅርና ጀበናው ይጣድ፤ ከተበላሸ ኤስፕሬሶ ደህና አቦል ይሻላል። ማሽኑ ቀድሞ ገብቶ ከሆነም፣ ድፍኑ ወንፊት ተገጥሞ ጌጁ አሁንም 4 ላይ ከቀረ፣ ያኔ ባለሙያ ይጠራ። ሲመጣ መፍጫውንም አሳዩት።