የእጅ ሥራ ሲመሰክር

በፍስሐ ገነት ገበያ ከእንሰት ቃጫ የተገመደ ገመድ የሚገዛ ሰው፥ ገመዱ ይጠንክርለት እንጂ የገማጁን ስም አይጠይቅም። ነገር ግን ያው ገመድ በእስር ወይም በስደት ቀን የተገመደ እንደ ሆነ፥ ዕቃ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ምስክር ይሆናል። ምስክር ደግሞ ስም ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ነገር የአሜሪካ ታሪክ ያስተምረናል። ጃፓን ፐርል ሐርበርን ከመታች በኋላ፥ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1942 ባወጡት ትእዛዝ መሠረት 120 ሺህ ያህል የጃፓን ተወላጆች ከቤታቸው ተነቅለው በ10 ሰፈሮች ታጎሩ። ከሦስቱ እጅ ሁለቱ አሜሪካውያን ዜጎች ነበሩ። የዩታው ሰፈር ቶፓዝ የተሠራው ጥንት ሐይቅ በነበረበት ምድር ላይ ስለ ሆነ፥ ታሳሪዎቹ ከአሸዋው ጥቃቅን ዛጎል እየለቀሙ የደረት ጌጥ ሠሩ። ከውዳቂ ሳንቃ ወንበር አበጁ፤ የእንጨት ወፍ ቀርጸውም ከሽቦ ቍራጭ እግር አወጡላት።

ዕቃው ስላማረ ሰፈሩ ደኅና ነበር የሚል ቢኖር ተሳስቷል። ውበቱ የሠሪው ነው፤ የእሾህ ሽቦው ግን የአሳሪው ነው። የአሜሪካ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1988 በደሉን አምኖ ይቅርታ ጠይቋል።

አለን ኢተን የተባለ ጸሐፊ ስለ እነዚህ ሥራዎች እ.ኤ.አ. በ1952 መጽሐፍ አሳትሟል። ታሳሪዎቹ ሥራቸው ለሕዝብ እንዲታይ በማሰብ ብዙ ዕቃ በስጦታ ሰጥተውት ነበር። ይሁን እንጂ ዘመን አልፎ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፥ 450 ያህሉ እ.ኤ.አ. በ2015 ለጨረታ ቀረበ። የታሳሪዎቹ ልጆች የወላጆቻቸው መከራ ለገበያ መውጣቱን አጥብቀው ስለ ተቃወሙ ጨረታው ቀረ፤ ዕቃውም ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የጃፓን አሜሪካውያን ሙዚየም ተቀመጠ።

በእኛም አገር ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ፥ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ያለውን ትርጕም በ3 ሺህ ያህል የሲጋራ ወረቀት ላይ ጽፎ፥ ከእስር በሚፈቱ ጓደኞቹ እጅ በስውር ወደ ውጭ አስወጥቷል። የነቢይ ሥራ ስሙን ይዞ ቀርቷል። ስም የለሹስ?

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ሲፈናቀሉ፥ ትምህርት ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት መጠለያ ሆነው ነበር። ከዚያ ዘመን የተረፈ የእጅ ሥራ በአንድ ቤት ጥግ ቢገኝ፥ ማን ሠራው? የት? መቼ? ብሎ መዝግቦ መያዝ የተማሪውና የወጣቱ ሹም ፈንታ ነው። ባለቤቱን ማስፈቀድ፥ በምን ዓላማ እንደ ተሰጠም በጽሑፍ ማኖር ይገባል። ወረቀቱና እርሳሱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ሠሪው ካለፈ በኋላ ግን የሚመልስ አይገኝም።