ሞግዚቷን ማን ያውቃታል?

አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ክፍል ቤት ለመከራየት የምንጠየቀውን ታውቁታላችሁ። መታወቂያ አምጡ፣ የስንት ወር ቅድሚያ ክፈሉ፣ እንግዳ ታበዛላችሁ ወይ፣ ማታ ስንት ሰዓት ትገባላችሁ… የሱቅ ገንዘብ ያዥ ለመሆን ደግሞ ደመወዝተኛ ዋስ መጥራት ያስፈልጋል። የስምንት ወር ሕፃን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ማታ አንድ ሰዓት ብቻዋን ይዛ የምትውለው ልጅ ግን በደላላ ስልክ ትመጣለች። ስሟን ትናገራለች፣ ፌስታሏን ጥግ ታስቀምጣለች፣ በሦስተኛው ቀን ቤቱም ሕፃኑም በእጇ ነው። ብር የሚይዘው ዋስ ይጠራል፣ ልጅ የምትይዘው አትጠራም ማለት ነው!

ከዚያ አንድ ቀን ሞግዚት ሕፃን ስትመታ የሚያሳይ ቪዲዮ ይለቀቃል። ከተማው ይንጫጫል፣ ምክር ይዘንባል። ግማሹ «እናት ሥራዋን ትታ ልጇን ታሳድግ» ይላል። ግማሹ «ካሜራ ግጠሙ» ይላል። እኛ ሁለቱም ዋናውን ነገር ዘለውታል ባዮች ነን።

የመጀመሪያውን ቶሎ እንለፈው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ (ቁጥር 1156) ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ለአባት ሦስት ቀን። በ91ኛው ቀን ሕፃኑ ገና ሦስት ወሩ ነው። አያት ያላት በአያት ትገላገላለች፤ አያት ክፍለ ሀገር የሆነችባት፣ ወይም ከተማው ሌላ ጫፍ ኮንዶሚኒየም የደረሳት ሞግዚት ትፈልጋለች። የቤት ኪራይ በአንድ ደመወዝ በማይከፈልበት ከተማ ሞግዚትን ቅንጦት ማለት ቀልድ ነው።

ደላላው የማን ወገን ነው?

የአብዛኛው ደላላ ሥራ ቀላል ነው። ከአሠሪም ከሠራተኛም ኮሚሽን ይቀበላል። «ካልተስማማችሁ እቀይርላችኋለሁ» ይላል፤ ደግ ሰው ይመስላል። ልጅቷ አንድ ቤት ሦስት ዓመት ብትቀመጥ ግን ደላላው የሚያገኘው የአንድ ጊዜ ኮሚሽን ነው። በየሦስት ወሩ ቤት ብትቀያይር በየሦስት ወሩ ይቆርጣል። እንዲህ ያለ ሰው ልጅቷን አጣርቶ ያመጣልኛል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ተያዥ ነው ተብሎ የሚቀርበውም አንዳንዴ ከደላላው ጋር ቡና የሚጠጣ ሰው ነው።

ስለዚህ ማጣራት የአሠሪው ሥራ ነው። ከባድም አይደለም። ተያዡን በስልክ ሳይሆን በአካል ማግኘት፣ የሚሠራበትንና የሚኖርበትን ማየት። መታወቂያዋን ማየት፤ በ2015 ዓ.ም. አዋጅ (ቁጥር 1284) የመጣው የፋይዳ መታወቂያ ካላት ደግሞ በጣት አሻራ የተመዘገበ ስለሆነ ከቀበሌ ወረቀት ኮፒ የተሻለ ነው። የፊተኛዋን አሠሪ መደወል። ስልኩን የሰጣችሁ ደላላው ከሆነ «አሠሪዋ» የደላላው እህት ልትሆን ትችላለችና ዝርዝር ጠይቁ፦ ልጃችሁ ስንት ዓመቱ ነበር? ሲታመም ምን አደረገች? ለምን ወጣች? ዛሬ ብትመለስ ትቀጥሯታላችሁ? የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ዝም የምትል አሠሪ ብዙ ነግራችኋለች።

ቢያንስ የመጀመሪያውን ሳምንት ደግሞ አንድ የቤተሰብ ሰው አብሯት ይዋል። ሕፃኑን እንዴት እንደምታነሣው፣ ሲያለቅስ ፊቷ ምን እንደሚሆን በዚያ ሳምንት ይታያል።

«ዐሥራ ስምንት ነኝ በይ»

ብዙ ሰው ማንሣት የማይወደው ጉዳይ ይኸው ነው። አውቶቡስ ተራ ወርዳ ደላላ እጅ የገባች ልጅ ዕድሜዋን ስትጠየቅ «ዐሥራ ስምንት» ትላለች። እንዲህ በይ ተብላ ነው። ፊቷን ያየ ሰው ዐሥራ ሦስት ወይም ዐሥራ አራት መሆኗን ያውቃል፣ ግን ደመወዟ ትንሽ ነው፣ አትከራከርም፣ ታዛዥ ናት። «ልጅ ስለሆነች ከልጁ ጋር ትጫወታለች» የሚልም አለ።

አዋጅ 1156 የሥራ መነሻ ዕድሜን ከ14 ወደ 15 ከፍ አድርጓል። በግለሰብ ቤት የሚሠራን ሰው ጉዳይ ግን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይወሰናል ብሎ ከራሱ አውጥቶታል። ከሱ በፊት የነበረው የ1996ቱ አዋጅ (ቁጥር 377) ያለውም ይህንኑ ነው። የቀራት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ አንቀጽ 2601 አሠሪው ቤት የሚያድርን ሠራተኛ ጤናና ሥነ ምግባር አሠሪው እንዲጠብቅ ያዛል።

ስለዚህ እዚያ ቤት ውስጥ የሚውሉት ሁለት ልጆች ናቸው። አንደኛዋ ጥበቃ የሚያስፈልጋት መሆኗን የሚያስብ የለም። እንጀራ ትጋግራለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ሕፃን ትይዛለች። ሕፃን ደግሞ ባልዲ ውስጥ ባለ ጥቂት ውኃ ሊሰጥም ይችላል፤ ምድጃ አጠገብ ይድሃል። ለአደጋው ክፋት አያስፈልግም፤ አንዲት የደከመች ልጅ ለደቂቃ ዘወር ካለች ይበቃል። የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሞግዚት አድርጎ የቀጠረ ሰው የቱንም ያህል ካሜራ ቢሰቅል ልጁን ጠበቀ አንልም።

ካሜራውስ?

ካሜራ አንቃወምም። ሕፃን አፍ የለውም፤ ምስል አንዳንዴ ብቸኛ ምስክሩ ነው። ግን ሦስት ነገር እንበል።

አንደኛ፣ ካሜራ እጅ የለውም። እናንተ ስብሰባ ላይ ናችሁ፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ ዋይፋዩም ካሜራውም ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ የምታዩት ያለፈውን ነው።

ሁለተኛ፣ ከመርካቶ የተገዛ ካሜራ ከካርቶኑ ላይ በመጣ የይለፍ ቃል ከሠራ ልጃችሁን የሚያየው እናንተ ብቻ ላትሆኑ ትችላላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ ትሬንድኔት የተባለው ኩባንያ ከሸጣቸው ካሜራዎች ወደ 700 የሚጠጉት የሚያሳዩት ምስል በቀጥታ ኢንተርኔት ላይ ተለቋል። ከነዚያ ውስጥ አልጋቸው ላይ የተኙ ሕፃናት ነበሩበት። የይለፍ ቃሉን ዛሬውኑ ቀይሩት።

ሦስተኛ፣ ንገሯት። «እዚህ ሳሎን ካሜራ አለ» የተባለች ሠራተኛ ከመጀመሪያውም ትጠነቀቃለች። የተደበቀ ካሜራ ልጁ ከተመታ በኋላ ይመሰክራል እንጂ አያስጥለውም። የምትተኛበትና የምትታጠብበት ቦታ ደግሞ በፍጹም አይነካም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወትን ሲያከብር የቤት ሠራተኛን ነጥሎ አላወጣም።

ካሜራው የማያየውን ገላ ይናገራል። መዳህ ያልጀመረ ሕፃን ሰንበር ካወጣ ወድቆ ነው ማለት አይቻልም። በጆሮ፣ በአንገት፣ በሆድና በጀርባ ላይ የሚወጣ ሰንበርም በጨዋታ ውድቀት ብዙ አይመጣም። ማታ ስታጥቡት እዩት፤ ካያችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ለሞግዚቷም ይህን በቃል አስተምሯት፦ ለቅሶው አልቆም ብሎ ካናደደሽ አልጋው ላይ በጀርባው አስተኝተሽው ውጪ፣ ደውይልኝ፣ አትነቅንቂው። የሕፃን አንጎል መነቅነቅ አይችልም፤ ይህን የሚያውቅ አዋቂም ጥቂት ነው።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ (ቁጥር 923) አንዲት ልጅ ለሥራ ወደ ውጭ ለመሄድ 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀችና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያላት እንድትሆን ደንግጎ ነበር። የባዕድ አገር ሕፃን የሠለጠነች ሞግዚት ይገባዋል ብሎ ያሰበ አገር ለገዛ ከተማው ሕፃናት የሚያስብበት ቀን መቼ ነው? ለዓመታት ሳይወጣ የቆየው የቤት ሠራተኞች ደንብ ይውጣ። ያለ ፈቃድ የሚሠራ ደላላ ይጠየቅ። በ2010 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር፤ የግል ድርጅቶችም ይመለከታቸው።

እስከዚያው ሰሞኑን ሞግዚት የምትቀጥሩ ካላችሁ የፊተኛ አሠሪዋን ደውሉ፣ ተያዡን በዓይናችሁ እዩ። ለልጅቷም ስልክ ስጧት፣ ካርድ ሙሉላት። ልጁ ሲያተኩሰው ወይም ከሶፋ ሲወድቅ «እማማ ይቆጡኛል» ብላ ሳትፈራ ቶሎ የምትደውል ትሁን።