የደመናው መግቢያ ሰፊ፣ መውጫው ጠባብ፦ ተቋማት ከአንድ አገልግሎት ሰጪ ጥገኝነት እንዴት ይጠበቁ?

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2025 በሕንድ የሚገኘው ናያራ ኢነርጂ የተሰኘ የነዳጅ ማጣሪያ ኩባንያ ሠራተኞች የኢሜል ሳጥናቸውን መክፈት ተሳናቸው። የሩሲያው ሮስኔፍት ከፍተኛ ድርሻ ባለው በዚህ ኩባንያ ላይ የአውሮፓ ኅብረት ማዕቀብ ከጣለ በኋላ፣ ማይክሮሶፍት ለኩባንያው የሚሰጠውን አገልግሎት አቋረጠ። ናያራ የፈቃድ ክፍያውን ሙሉ በሙሉ መፈጸሙን ጠቅሶ ለዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤት አለ፤ አገልግሎቱም ከቀናት በኋላ ተመለሰ።

ማዕቀቡ ተገቢ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ለጊዜው ይቆየን። ከጉዳዩ የሚወጣው ትምህርት ሌላ ነው። ኩባንያው በሕንድ ምድር፣ በሕንድ ሕግ ሥር ይሠራል። ማዕቀቡን የጣለው ግን አውሮፓ፣ አገልግሎቱን ያቋረጠው ደግሞ አሜሪካዊ ድርጅት ነው። የዕለት ሥራውን በአንድ የደመና አገልግሎት ሰጪ ላይ ያሳረፈ ተቋም፣ የመዝጊያው ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ የሚገነዘበው ብዙ ጊዜ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ሦስቱ ገመዶች

ክላውድ ወይም ደመና ማስላት የሚባለው አገልግሎት ተቋማት የራሳቸውን ሰርቨር ከመግዛት ይልቅ የማስላት አቅምንና የመረጃ ማከማቻን በኪራይ የሚያገኙበት መንገድ ነው። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2006 ኪራዩን ለሕዝብ ከከፈተ ወዲህ፣ አንድ ጀማሪ ድርጅት በባንክ ካርድ ብቻ በደቂቃዎች ውስጥ ሥራ መጀመር ችሏል። የመግባት ቅለቱ ግን ከመውጣት ክብደቱ ጋር አይመጣጠንም። ደንበኛውን የሚያስሩት ገመዶች በዋናነት ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው የመረጃ ማውጫ ክፍያ ነው። መረጃን ወደ ደመናው ማስገባት በአብዛኛው ነጻ ሲሆን፣ ማውጣት ግን በጊጋባይት ልክ ያስከፍላል። መረጃው በተከማቸ ቁጥር የመውጫው ዋጋም አብሮ ያድጋል።

ሁለተኛው የቴክኒክ ጥገኝነት ነው። አማዞን ዳይናሞዲቢን የመሰሉ፣ ከአንድ አገልግሎት ሰጪ ዘንድ ብቻ የሚገኙ የመረጃ ቋቶች ሥራን ያቀልላሉ። በእነርሱ ላይ የተጻፈ ሶፍትዌር ግን ወደ ሌላ ቤት ሲዛወር እንደገና መጻፍ ይኖርበታል።

ሦስተኛው ውሉ ራሱ ነው። ደንበኛው ለዓመታት የተወሰነ ገንዘብ ለማውጣት ቃል ሲገባ ቅናሽ ያገኛል፤ ቅናሹ ግን እግር የሚያስር ይሆናል። በዚህ ላይ ባለሙያዎቹ የሠለጠኑት በአንድ አገልግሎት ሰጪ መሣሪያዎች ብቻ ሲሆን፣ ገመዱ ይበልጥ ይጠብቃል።

የብሪታንያ የውድድርና የገበያ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2025 ባወጣው የምርመራ ውሳኔ፣ አማዞንና ማይክሮሶፍት እያንዳንዳቸው ከአገሪቱ የደመና ገበያ ከ30 እስከ 40 በመቶ እንደሚይዙ፣ በዓመት አገልግሎት ሰጪ የሚቀይሩ ደንበኞችም ከ1 በመቶ እንደማይሞሉ አስታውቋል። ደንበኛ የማይለቀው ገበያ ሁሉም የረካበት ሊሆን ይችላል። መውጫው የከበደበት ገበያም ከውጭ ሲታይ ይህንኑ ይመስላል።

ሕግ የከፈተው በር

የአውሮፓ ኅብረት ለዚህ ችግር የሰጠው ምላሽ ከመስከረም 12፣ 2025 ጀምሮ ተፈጻሚ የሆነው የመረጃ ሕግ ነው። በሕጉ መሠረት ደንበኛው አገልግሎት ሰጪ ለመቀየር የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ከሁለት ወር መብለጥ የለበትም። የዝውውሩ ሂደትም በመደበኛነት በ30 ቀናት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ከጥር 12፣ 2027 ጀምሮ ደግሞ ለዝውውሩ የሚጠየቅ ክፍያ፣ የመረጃ ማውጫን ጨምሮ፣ ሙሉ በሙሉ ይቀራል።

ኩባንያዎቹም ሕጉ ተፈጻሚ ከመሆኑ አስቀድመው ተንቀሳቅሰዋል። ጉግል በጥር 2024፣ አማዞንና ማይክሮሶፍት በመጋቢት 2024 አገልግሎታቸውን ለቀው ለሚወጡ ደንበኞች የማውጫ ክፍያን እንደሚያነሡ አስታውቀዋል። ይሁንና ይህ ዕድል የሚገኘው በጥያቄና በቅድመ ሁኔታ ነው፤ በዕለት ተዕለት ሥራ ከደመናው ለሚወጣው መረጃ የሚከፈለው ዋጋ አልቀረም። ሕጉ የማውጫውን ክፍያ ቢያነሣም፣ በአንድ ቤት መሣሪያ የተጻፈውን ሶፍትዌር እንደገና የሚጽፍለት ግን የለም። ያ ሸክም የደንበኛው ነው።

ቅርብ መሆን ነጻ መሆን አይደለም

በባሕረ ሰላጤው አገራት የዳታ ማዕከላት ግንባታ በፍጥነት ተስፋፍቷል። ማይክሮሶፍት በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች፣ አማዞን ደግሞ በባህሬን እ.ኤ.አ. በ2019 ማዕከሎቻቸውን ከፍተዋል፤ አማዞን በ2022 ኤምሬቶችንም ጨምሯል። ይህ የአገልግሎቱን ፍጥነት ያሻሽላል፣ መረጃ በአገር ውስጥ እንዲቀመጥ የሚያዙ ሕጎችንም ለማክበር ይረዳል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ የአሜሪካ ኩባንያዎች በቁጥጥራቸው ሥር ያለን መረጃ በሕጋዊ ትእዛዝ ሲጠየቁ፣ መረጃው የትም አገር ቢቀመጥ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ስለዚህ ሕንጻው የቆመበት ቦታና ቁልፉን የያዘው እጅ ለየብቻ መጠየቅ ያለባቸው ጉዳዮች ናቸው።

ለኢትዮጵያ ተቋማት ደግሞ የምንዛሬ ጉዳይ ይጨመራል። ሐምሌ 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 አካባቢ የነበረው የዶላር ዋጋ በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የደመና ኪራይን በዶላር የሚከፍል ድርጅት አንዲት ተጨማሪ ፋይል ሳያስቀምጥ ወጪው በብር እጥፍ ገደማ ደረሰ። እንዲህ ባለ ጊዜ በፍጥነት መውጣት የሚችልና የማይችል ድርጅት ዕጣቸው ይለያያል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ከአገር ውጭ የሚተላለፍበትን ሁኔታ ስለሚደነግግ፣ መረጃው የት እንዳለ ማወቅ የሕግ ግዴታም ሆኗል። ኢትዮ ቴሌኮምን የመሳሰሉ የአገር ውስጥ አቅራቢዎች መምጣታቸው አማራጭን ያሰፋል፤ ነገር ግን ያለ መውጫ ዕቅድ የተገባበት የአገር ውስጥ ደመናም ያው ጥገኝነት ነው።

ሁለት አደጋዎች፣ አንድ ትምህርት

በግንቦት 2024 ከ600 ሺህ በላይ አባላት ያሉት የአውስትራሊያው የጡረታ ፈንድ ዩኒሱፐር፣ በጉግል ክላውድ ላይ የነበረው ሥርዓት በአወቃቀር ስህተት ተሰርዞበት አባላቱ ለቀናት ወደ ሒሳባቸው መግባት አልቻሉም። ፈንዱ ግን በሌላ አገልግሎት ሰጪ ዘንድ መጠባበቂያ ቅጂ ነበረው፤ ይህም ሥርዓቱን መልሶ ለማቆም ረድቶታል።

በአንጻሩ መስከረም 2025 በደቡብ ኮሪያዋ ዴጆን ከተማ በመንግሥት የዳታ ማዕከል በተነሣ እሳት፣ የመንግሥት ሠራተኞች ሰነድ የሚያስቀምጡበት 858 ቴራባይት የያዘ ማከማቻ ወደመ። ከማዕከሉ ውጭ የተቀመጠ ቅጂ አልነበረውም። ማዕከሉን የሚያስተዳድረው መንግሥት ራሱ ነበር፤ የውጭ ደመና ኩባንያ አልነበረም። ከዚህ የምንረዳው የራስን ሕንጻ መገንባት ብቻውን መፍትሔ አለመሆኑን ነው። ዋስትናው ከአንድ ቦታና ከአንድ እጅ ውጭ ያለ ቅጂ ነው።

ምን ይደረግ?

ሁሉንም ነገር በሁለት ደመና ማስኬድ ለአብዛኞቹ ተቋማት የማይመከር ውድ መንገድ ነው። ወጪውን እጥፍ ያደርጋል፤ ባለሙያንም ይከፋፍላል። የሚሻለው ጥበቃን ከጉዳቱ ጋር ማመጣጠን ነው። ቢቆም ሥራውን የሚያቆመው የትኛው ሥርዓት እንደሆነ ለይቶ፣ ጥንቃቄውን ከዚያ መጀመር ይገባል።

ለእነዚህ ሥርዓቶች እንደ ፖስትግሬስኪውኤል ያሉ ክፍት ምንጭ የመረጃ ቋቶችን፣ እንደ ኩበርኔቲስ ያሉ በብዙ አገልግሎት ሰጪዎች ዘንድ የሚሠሩ መሣሪያዎችን መምረጥ የዝውውሩን ሸክም ያቀልላል። በውሉ ውስጥ መረጃው በምን ቅርጸት፣ በስንት ቀን፣ በምን ዋጋ እንደሚመለስና ከዚያም እንዴት እንደሚሰረዝ ከፊርማ በፊት መስፈር አለበት፤ ከፊርማ በኋላ የመደራደር አቅም አይኖርምና። የድረ ገጽ ስምና የምስጢር ቁልፎች በተቋሙ እጅ ይሁኑ። የመጠባበቂያው ቅጂም በተለየ ሒሳብ፣ በሌላ አገልግሎት ሰጪ ዘንድ ይቀመጥ።

ከሁሉም በላይ ግን ዕቅዱ መፈተን ይኖርበታል። ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ቅጂውን በሌላ ቦታ አንሥቶ ማስኬድ፣ ስንት ሰዓት እንደወሰደና ምን እንደጎደለ መመዝገብ ያስፈልጋል። ያልተፈተነ ቅጂ ተስፋ እንጂ ዋስትና አይደለም።

አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። በጥድፊያ የተገባበት ደመና የሚላላው ተቋሙ እጅግ በሚያስፈልገው ሰዓት ነው። የመውጫው መንገድ መጠናት ያለበት በመግቢያው ዕለት ነው፤ በዚያን ዕለት ደንበኛው ገና ተፈላጊ ነውና።